ደንቢያና ፎገራ ጎርፍ ሲገባ፦ ቀበሌ ወርዳችሁ ችግሩን እንዴት ታጣራላችሁ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሐምሌ ጋመስ ካለ በኋላ ጎንደር ያለ ወጣት ስልኩ ላይ ስለ ጣና ዙሪያ ወረዳዎች የሚያየው በየዓመቱ ያው ነው፣ ደንቢያ ውሃ ገባ፣ ፎገራ ተዋጠ፣ ሊቦ ከምከም ሰው ትምህርት ቤት ተጠልሏል ምናምን። ከዛ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ ብር ይዋጣል፣ ውጭ ያሉትም ይልካሉ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ ፓስታ፣ ብስኩት፣ የታሸገ ውሃና አሮጌ ልብስ የጫነ አይሱዙ ከአዘዞ ወደ ደንቢያዋ ቆላ ድባ ይወርዳል። ልባቸው ጥሩ ነው ማንም አይወቅሳቸውም፣ ግን ድስቱን ጎርፍ የወሰደበትና ማገዶው የራሰበት ሰው ፓስታውን በምን ይቀቅለው? በዛ ብር እኮ የሽምብራ ዘር ተገዝቶ ቢሆን ሰውየው የካቲት ላይ የራሱን ይበላ ነበር።

ስለዚህ ይቺ ጽሁፍ መኪና ከመጫኑ በፊት ስላለው ሥራ ናት። ለበጎ ፈቃደኛ፣ ለተማሪ፣ ለማኅበር፣ ለእድር፣ ቀበሌ ወርዶ "ምን ጎደለ" ብሎ ማጣራት ለሚፈልግ ሁሉ። አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ያዙልኝ፣ የምታጣሩት የጠፋውን ንብረት ለመቁጠር አይደለም፣ ማን እስከሚቀጥለው አዝመራ በምን ይደርሳል የሚለውን ለማወቅ ነው። አንድ ሺህ ሄክታር ተበላሸ የሚለው ቁጥር ለዜና ይሆናል፣ ለእርዳታ ግን ብቻውን ምንም አይሠራም።

መጀመሪያ የቱ ውሃ እንደገባ ጠይቁ

እዚህ አካባቢ ጎርፍ ሲባል ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱን መለየት ግማሽ ሥራ ነው። አንደኛው የወንዝ ነው። በደንቢያ በኩል መገጭና ድርማ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም በኩል ርብና ጉማራ። መገጭ ከጎንደር በላይ ካሉት ተራሮች ተነስቶ፣ አንገረብንም ይዞ፣ በአዘዞ አድርጎ ነው ደንቢያ ሜዳ ላይ የሚፈሰው፣ ስለዚህ እኛ ከተማ ማታ ጣሪያችንን ሲደበድበን የነበረው ዝናብ እነሱ ቤት ሌሊት በተኙበት ይገባል። ይሄ በድንገት ይመጣል፣ በግና ፍየል ይወስዳል፣ አንዳንዴም ሰው፣ ቶሎም ይጎድላል፣ ሲሄድ ግን ማሳው ላይ አሸዋና ደለል ጥሎ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው የሐይቁ ነው። ጣና የተፈጥሮ መውጫው ባሕር ዳር ላይ ያለው አባይ ብቻ ነው፣ ሌላው ለበለስ ኃይል ማመንጫ የተቆፈረው ዋሻ ነው፣ አርባ ወንዝ ይግባበት በእነዚህ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ሲጠራቀም ከርሞ ከፍ የሚለው ወደ መስከረም ነው፣ ዝናቡ ቀነስ ካለ በኋላ ማለት ነው። የሐይቁ ውሃ ሰው አያባርርም፣ ቀስ ብሎ ይመጣና ለሳምንታት ይተኛል። ሰብል ያበሰብሳል፣ ሽንት ቤት ይሞላል፣ የቤት ግድግዳ ከሥሩ ይበላል። እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ የፎገራ ቀበሌዎች፣ በደንቢያ በኩል ደግሞ የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ሁለቱም ሊደርስባቸው ይችላል፣ ነሐሴ ላይ ወንዙ፣ መስከረም ላይ ሐይቁ። ነሐሴ ላይ አጣርታችሁ "ውሃው ጎድሏል ሰው እየተመለሰ ነው" ብላችሁ ሪፖርት ካደረጋችሁ መስከረም ላይ ሪፖርታችሁ ውሸት ይሆናል።

ለማነጻጸር ሽማግሌዎችን የ1998ቱንና የ2012ቱን ጎርፍ ጠይቋቸው። ሁለቱም ዓመት ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደንቢያን ክፉኛ የመቱ ስለሆኑ እድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። "ከ98ቱ ይብሳል ያንሳል? ያኔ ውሃው የት ደርሶ ነበር?" ስትሏቸው ዛፍ ወይም የቤተክርስቲያን አጥር ያሳዩአችኋል፣ ይሄ ከማንኛውም "ከባድ ጎርፍ" ከሚል ቃል የተሻለ መለኪያ ነው።

ዝግጅት

ወረዳው አደጋ መከላከል ጽ/ቤት ሳትሄዱ አትውረዱ። ደብዳቤ ለመያዝ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ማን እንደሄደ፣ ቀይ መስቀል ምን እንደሰጠ፣ የትኛው ቀበሌ ጭራሽ እንዳልታየ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ ቀበሌ ሦስት ቡድን ተራ በተራ ስም ሲጽፍለት ከሰነበተ አራተኛውን ቡድን ማንም በእውነት አያናግረውም፣ ሰው ይሰለቻል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዛው ጠይቁ፣ ነገ ሳይሆን የዛኑ ቀን ጠዋት።

ቡድናችሁ አራት አምስት ሰው ይበቃል፣ ግማሹ ሴቶች መሆን አለባቸው፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ። አንድ እርሻ የሚያውቅ፣ አንድ ጤና የሚያውቅ። ቦቲ ጫማ ግድ ነው፣ የደንቢያና የፎገራ ዋልካ በክረምት መኪናም እግርም አይለቅም፣ ላንድክሩዘር ይዘናል ብላችሁ አትኩራሩ አስፋልቱ ዳር ነው የምታቆሙት። እባብም ከጉድጓዱ ወጥቶ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፣ ሳርና የእንጨት ክምር ውስጥ እጅ አትስደዱ። ስልክ ላይ የኮቦ ቱልቦክስን መጠይቅ መሙያ መተግበሪያ፣ ኮቦ ኮሌክትን፣ ጭናችሁ ቅጹን ጎንደር ዋይፋይ ባለበት አውርዱት፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ስትመለሱ ይልካል። ግን ወረቀትና እርሳስም በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ እርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ስለማይጽፍ ነው። በታንኳ የምትሻገሩ ከሆነ ባለታንኳው የሚለውን ስሙት፣ ሰው በዝቷል ካለ በዝቷል ነው።

የቀበሌው ዝርዝር

ቀበሌ ስትደርሱ ሊቀመንበሩ የተጎጂ ዝርዝር አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ተቀበሉት፣ አመስግኑ፣ ግን በሱ ብቻ አትሂዱ። ሊቀመንበሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ያዘጋጀው ካለው መዝገብ ነው፣ ያለው መዝገብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመሬት ግብር መዝገብ ነው። አሁን አስቡት፣ መሬቱ በአንድ ሰው ስም ነው፣ ሰውየው ጎንደር ከተማ ቤት ሠርቶ ይኖራል፣ መሬቱን በእኩል የሚያርሰው መሬት የሌለው ጎረምሳ ነው። ጎርፉ የወሰደው የጎረምሳውን ዘርና ጉልበት ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው ግን የባለመሬቱ ስም። እርዳታ ሲመጣ ባለመሬቱ በባጃጅ መጥቶ ፈርሞ ይወስዳል። ይሄ ሌብነት እንኳን አይባልም መዝገቡ ነው እንዲህ ያደረገው። በእኩል አራሾች፣ መሬት አልባ ወጣቶች፣ በባል ስም ብቻ የተመዘገቡ የተፋቱ ሴቶች፣ ዘመድ ቤት የተጠጉ አሮጊቶች፣ ከሌላ ቀበሌ መጥተው አሳ እያጠመዱ ሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ እነዚህ ሁሉ ዝርዝር ላይ የማይገኙ ናቸው፣ ቀድማችሁ እነሱን ፈልጉ።

እንዴት ትፈልጓቸዋላችሁ? ዝርዝሩን ከሌላ ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ጤና ኤክስቴንሽኗ ዘንድ የየቤተሰቡ መዝገብ አለ፣ ቤት ለቤት የምትዞር ስለሆነች ማን ነፍሰጡር እንደሆነች፣ ማን አልጋ ላይ እንዳለ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ከማንም በላይ ታውቃለች። ልማት ሠራተኛው ማን ምን እንደዘራ ያውቃል። የእድርና የሰንበቴ ሰዎች ደግሞ በዚህ ወር ማን መዋጮ እንዳቃተው ያውቃሉ፣ ይሄ በወረቀት የማይገኝ መረጃ ነው። ሦስቱ ዝርዝር ላይ ያለ ስም ጥሩ፣ አንዱ ላይ ብቻ ያለ ስም ሄዳችሁ እዩት።

ሌላው ደግሞ የመንገድ ዳር በሽታ ነው። የሚመጣው ቡድን ሁሉ መኪና የሚደርስበትን ጎጥ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። እናንተ ግን "ከዚህ ቀበሌ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ጎጥ የቱ ነው? ከዛስ ወዲያ ሰው አለ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከመንገዱ ወደ ሐይቁ በእግር ውረዱ፣ እየሄዳችሁ ቤቱን ሰብሉን ውሃውን እያያችሁ። ቀኑ ካጠራችሁ አስር ጎጥ ከደረቁ በኩል ከማየት ሦስት ጎጥ እስከ ውሃው ጫፍ ማየት ይሻላል። ትምህርት ቤትና ደብር ግቢ የተጠለለውንማ ማንም ያያል፣ ብዙ ሰው ግን ከፍ ያለ ቦታ ያለ ዘመዱ ቤት ነው የሚገባው፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ። አስጠጊውም እኩል ነው የሚራበው፣ ጎተራው ለአምስት ሰው የታሰበ ነበር አሁን አስራ አምስት እየበላበት ነው፣ እሱንም ቁጠሩት።

ቤት ስትገቡ

"እንደምን ዋላችሁ" ብላችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ፣ ለትልልቆቹ አንቱ እያላችሁ። ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ለምን እንደምትጠይቁ ንገሯቸው፣ "ስም ጻፍን ማለት እርዳታ ይመጣል ማለት አይደለም" የሚለውንም አፍ አውጥታችሁ በሉት። ደስ አይልም አውቃለሁ፣ ግን ካልተባለ ሰው ያንን ስም ተስፋ አድርጎ ዘሩን ይበላል።

"ምን ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ስትሉት ሰው ሁሉን ነገር ይፈልጋል፣ ወይ ደግሞ እናንተ ትሰጣላችሁ ብሎ የገመተውን ይነግራችኋል፣ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ከታያችሁ ብርድ ልብስ ይጎድለዋል። ይልቅ ትናንትን ጠይቁ። ትናንት ማታ ምን ተበላ? እህሉ ከየት መጣ፣ ከጎተራ፣ ከገበያ፣ ከጎረቤት፣ ተበድራችሁ? ከጎርፉ በፊት በቀን ስንት ጊዜ ትበሉ ነበር አሁንስ? እናት ትናንት በላች ወይ? ይቺን የመጨረሻዋን ለባልየው አትጠይቁ፣ ለሷ ለብቻዋ ጠይቁ፣ መልሱ አንድ አይሆንም።

ከዛ አፋችሁን ዝጉና ዓይናችሁን ክፈቱ። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር አለ፣ በሜትር ለኩት፣ ሜትር ከሌለ በጉልበት በወገብ። ምርጉ ከሥር ለስልሶ እንደሆነ በጣት ጫን አድርጉት፣ የጭቃ ቤት ውሃው ውስጥ እያለ ብቻ አይደለም የሚወድቀው፣ ውሃው ጎድሎ ሳምንት ካለፈ በኋላም ሊወድቅ ይችላል፣ ስለዚህ "ቤቱ ቆሟል" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ምሰሶውን እዩ። ጎታውን አሳዩን በሉ፣ ጎታ ከጭቃ የተሠራ ስለሆነ ከሥሩ ሲርስ ይደረመሳል። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ አስገቡና ከታች አንድ እፍኝ አውጡ። ከላይ ያለው ጤፍ ደረቅ ይመስላል፣ ከታች ያለው ግን ሙቀት አለው፣ ተያይዞ ጓል ሆኗል፣ ሽታው ጠላ ሊሆን እንደተቃረበ ጌሾ የሌለው ጥንስስ ነው። ያንን "እህል አላቸው" ብሎ የጻፈ ሰው አይቼ አውቃለሁ። የሻገተ በቆሎና ለውዝ መብላት ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስላለው እህሉ እንዳለ ሳይሆን የሚበላ እንደሆነ ነው የሚጻፈው።

ሰዉ ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለ፣ አትፍረዱበት። ከብቱን ላይ ደጋ ወስዶ ዘመድ ጋር ያስቀመጠ ሰው የለኝም ይላል፣ ሴፍቲኔት (የመንግሥት የምግብ ዋስትና ድጋፍ) ላይ ያለውም እንዳልሰረዝ ብሎ እህሉን ይደብቃል። በጥያቄ አታፋጡት፣ ግቢው ውስጥ ትኩስ እበት ካለ ከብት አለ ማለት ነው፣ አለቀ።

ሴቶችን ለብቻ ሴቶች ያናግሯቸው ያልኩት ለዚህ ነው፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ማታ ሽንት የሚወጡት የት እንደሆነ፣ ብቻቸውን ነው ወይስ ተጠራርተው፣ በር የሚቆለፍ ነገር አለ ወይ፣ የወር አበባ ሲመጣ በምን እንደሚጠቀሙና የት እንደሚያጥቡ፣ ይሄን ሁሉ ቀበሌ ሊቀመንበሩና ልማት ሠራተኛው ቆመው እያዳመጡ ማንም አትነግራችሁም። አንዲት ሴት የደረሰባትን ከነገረቻችሁ ቅጽ ላይ ስሟን አትጻፉ፣ ከሷ ፈቃድ ውጭ ለማንም አትናገሩ፣ ከፈቀደች ጤና ጣቢያ አድርሷት። የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ በጎርፍ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ቤት ለቤት አትጠይቁ፣ ጤና ጣቢያውን "ከዚህ ቀበሌ ስንት ሰው ቀጠሮው አልፎበታል" ብላችሁ ጠይቁ፣ ቁጥሩ ይበቃችኋል።

ፎቶ፣ አቦ ስለ ቲክቶክ እለምናችኋለሁ። የተራቆተ ሕፃን፣ ያለቀሰች እናት ፊት አትለጥፉ። ግድግዳውን፣ ጎታውን፣ ማሳውን አንሱ፣ እሱ ነው ማስረጃው።

ውሃና ጤና

የሚጠጣው ውሃ ከየት ነው? የእጅ ፓምፕ ካለ ሄዳችሁ ምቱት። ፓምፑ መሥራቱ ብቻ በቂ አይደለም፣ ዙሪያው ያለው ሲሚንቶ በጎርፍ ተሸፍኖ ነበር ወይ? ተሸፍኖ ከነበረ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው የሽንት ቤት ውሃ ሊሆን ይችላል፣ በክሎሪን ሳይታጠብ አይጠጣም። ደፍራሽ ውሃ ላይ ውሃ አጋር የሚባለውን ፈሳሽ ክሎሪን ጠብ ማድረግ ብዙ አይረዳም፣ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል፣ መጀመሪያ ማጥለልና ማስረጋት ያስፈልጋል ወይም ጭቃውን አብሮ የሚያዘቅጠውን ቢሻን ጋሪን የመሰለ ዱቄት ነው የሚሻለው። ይሄን ስለማያውቁ ሰዎች ለደንቢያ ጭቃ ውሃ ካርቶን ሙሉ የሚጠባጠብ መድኃኒት ይገዛሉ። ጀሪካናቸው በጎርፍ ሄዶ እንደሆነም ጠይቁ፣ መድኃኒት አለ መያዣ የለም የሚባል ነገር ብዙ ነው።

አተት የሚመስል፣ ማለትም እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ተቅማጥ ያለው አንድ ሰው እንኳን ካያችሁ ሪፖርት እስክትጽፉ አትጠብቁ፣ እዛው ቆማችሁ ለጤና ጣቢያው ደውሉ። ወባ ደግሞ ውሃው ሲጎድል፣ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ሲቀር ነው የሚመጣው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ስለዚህ ነሐሴ ላይ "ወባ የለም" ማለት ትርጉም የለውም፣ የምትጠይቁት አጎበሩ አለ ወይስ ሄደ፣ ጤና ኬላው መመርመሪያና መድኃኒት አለው ወይ የሚለውን ነው። ሊቦ ከምከም በኩል ለሁለት ሳምንት የቆየ ትኩሳትና ያበጠ ሆድ ካጋጠማችሁ ወባ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ በ1997 የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ) ወረርሽኝ የገባ ጊዜ መጀመሪያ ወባ እየተባለ ነበር ሰው ያለቀው።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ክንድ በሙዋክ (የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ) ለኩ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ አላት። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከባድ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ ነው። ሁለቱም እግር ላይ በጣት ተጫን ሲደረግ ጎድጉዶ የሚቀር እብጠት ካለ ክንዱ ምንም ቢሆን ከባድ ነው። ከ11.5 በታች ያገኛችሁትን ልጅ ጽፋችሁ አትሂዱ፣ ይዛችሁት ሂዱ።

እርሻው፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ

ብዙ ቡድን "ሰብል ወድሟል" ብሎ ያልፋል። እዚህ ነው ግን ገንዘባችሁ የት እንደሚውል የሚወሰነው። ሩዝ ውሃ ይወዳል ብላችሁ አትለፉት፣ ጫፉ ከውሃ በላይ ከሆነ ይተርፋል፣ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ከሳምንት በላይ ከቆየ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ "ስንት ቀን ተሸፈነ" ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን እዩት ነጭ ነው ወይስ ጠቁሯል። በቆሎ ውሃ ከተኛበት አትጠብቁት። አሸዋ የተኛበት ማሳ ደግሞ የዘንድሮ ብቻ አይደለም የሚቀጥለው ዓመትም ችግር ነው፣ ደለል የተኛበት ግን ለከርሞ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለይታችሁ ጻፉ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የደንቢያና የፎገራ ገበሬ ውሃው ሲጎድል ዋልካው ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ዝናብ ሳይፈልግ ያድግለታል፣ ጥርና የካቲት ላይ ይደርሳል። ጎርፍ የዋናውን ሰብል ይወስዳል እንጂ ለዚህ ሰብል እርጥበቱን ትቶ ነው የሚሄደው። የሚጎድለው ዘር ነው፣ ምክንያቱም ያስቀመጠውን ጎርፍ በልቶታል ወይ ራሱ በልቶታል። ለሩብ ሄክታር ሽምብራ 30 ኪሎ አካባቢ ይበቃል። ይቺ 30 ኪሎ እርጥበቱ ሳያልቅ ከደረሰችው ቤተሰቡ የካቲት ላይ እህል አለው፣ ኅዳር ላይ ከደረሰችው ቀቅሎ ይበላታል። ስለዚህ ቅጻችሁ ላይ ሌላ ምንም ባትጠይቁ ሦስት ነገር ጠይቁ፣ ውሃው ከማሳው መቼ ይጎድላል ብለው ያስባሉ፣ የሽምብራ ዘር አላቸው ወይ፣ የሚያርስላቸው በሬ አለ ወይ።

ጓያን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጓያ ውሃም ድርቅም የሚችል ስለሆነ በክፉ ዓመት ብቻውን የሚተርፈው እሱ ነው። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሽሮ ሲሆን ምንም አይደለም፣ ግን ለሁለት ሦስት ወር ዋናው ምግብ እሱ ብቻ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ "ጓያ ሰበረው" የሚባለው፣ ከሰበረ ወዲያ ደግሞ አይመለስም። "ጓያ አላቸው" ብላችሁ ቤተሰቡን ከዝርዝር እንዳታወጡ፣ ይልቅ የሚቀላቅሉት እህል አላቸው ወይ በሉ።

ከብት ላይ መኖ አለ ወይ፣ የት ነው የሚግጠው፣ ደጋ ላይ ከሚያስጠጋቸው ሰው ጋር በግጦሽ ተጣልተዋል ወይ። ጎርፍ ከጎደለ በኋላ የከብት በሽታዎቹ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ሊነሱ ይችላሉና የሞተ ከብት ሥጋ ተበልቶ እንደሆነ በዘዴ ጠይቁ። ገበያም ውጡ፣ የገበያውን ቀን ጠይቃችሁ። የምታዩት የእህል ዋጋ ብቻ አይደለም፣ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል የሚለውን ነው። አምና በዚህ ጊዜ ስንት ይገዛ ነበር? በግማሽ ከወረደ ሰው እየሸጠ ነው ማለት ነው። የእርሻ በሬ ገበያ ላይ በብዛት ካያችሁ ደግሞ ነገሩ ከፍቷል፣ ገበሬ በሬውን የሚሸጠው መጨረሻ ላይ ነው።

የመሬት ደብተር፣ መታወቂያ፣ የጤና መድህን ደብተር ጎርፍ የወሰደባቸውንም ቁጠሩ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ያለ እሱ ግን ብድርም ሕክምናም ቀልድ ነው።

ሂሳቡና ሪፖርቱ

ማታ ስትመለሱ፣ ሳትተኙ፣ የዛኑ ዕለት ሥሩት። ማስታወሻችሁን በሦስት አምድ ክፈሉት፣ "ያየሁት"፣ "የተነገረኝ"፣ "የገመትኩት"። ሊቀመንበሩ 400 ቤት ፈርሷል ካለ የተነገረኝ ውስጥ ይገባል፣ ከሄዳችሁባቸው 30 ቤቶች 9ኙ ፈርሰው ካያችሁ ያየሁት ውስጥ። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቁጥር የሚያደርግ ሪፖርት ነው በኋላ እርስ በርስ የሚያጣላን።

ከዛ ወደ ኩንታልና ሊትር ቀይሩት። ለምሳሌ 100 ቤተሰብ ተጠልሏል እንበል፣ በአማካይ 5 ሰው ብትይዙ 500 ሰው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው ዓለም አቀፉ የእርዳታ ዝቅተኛ ደረጃ፣ 7,500 ሊትር። ሽንት ቤት መጀመሪያ ላይ ለ50 ሰው አንድ፣ አስር ጉድጓድ፣ እየቆየ ሲሄድ ለ20 ሰው አንድ። ጣሪያ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደታጨቀ ከዚህ ጋር አስተያዩት። እህል በተለመደው ራሽን በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ፣ 75 ኩንታል፣ ጥራጥሬ 1.5 ኪሎ፣ ሰባት ኩንታል ተኩል፣ ዘይት 0.45 ኪሎ፣ 225 ኪሎ። ይሄን ስትሠሩ ያዋጣችሁት ብር ለአንድ ወር እንኳን እንደማይበቃ ታያላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ያኔ እህሉን ለመንግሥትና ለትልልቆቹ ድርጅቶች ትታችሁ እናንተ የምትችሉትን ትመርጣላችሁ፣ ዘር፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ የወር አበባ መጠበቂያ፣ የደብተር ማስመለሻ ወጪ።

ሪፖርቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቸኳዩን ከነቀኑ ጻፉ፣ "በዚህ ጎጥ ለዚህን ያህል ቤተሰብ የሽምብራ ዘር እስከ መስከረም መጨረሻ" ብላችሁ፣ ታሪክና መግቢያ ምናምን ከታች ይምጣ። አንዱን ለወረዳ አደጋ መከላከል፣ አንዱን ለግብርና፣ የጤናውን ክፍል ለጤና ጽ/ቤት ስጡ፣ የሰዎችን ስም ግን ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። ለቀበሌውም ተመልሳችሁ ያገኛችሁትን ንገሩ፣ ደብር ግቢ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ጥሩ ጊዜ ነው፣ "ተሳስታችኋል፣ እከሌ ቀርቷል" የሚላችሁ አይጠፋም፣ እሱንም ጻፉት።

ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ደግማችሁ ውረዱ። የሐይቁ ውሃ ከፍ ያለው ያኔ ይሆናል፣ የወደቀው ቤት ቁጥር ይጨምራል፣ ትምህርት ቤቱ መከፈቻው ስለደረሰ ተፈናቃዩ ውጡ ይባላል፣ ወዴት እንደሚወጣ ጠይቁ። ዘር የደረሳቸው ማሳ ላይ ሄዳችሁ ተዘርቶ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ፣ ያልተዘራበትን ደግሞ ምክንያቱን ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሬ ነው የሚጠፋው፣ ለአንድ ቀን በሬና አራሽ መከራየት ደግሞ የእናንተ መዋጮ የሚችለው ነው።